የሕዝብ ቆጠራ ለምንና እንዴት እንደሚካሄድ፤ ከጣና ዳር ሲታይ

በድርቅ ለተጎዳ ወገን እህል ለማከፋፈል የተሰማራ ማንኛውም የሥራ ኃላፊ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ሰው ነው?» ብሎ ነው። ከቀበሌው ሊቀ መንበር እጅ የተጎጂዎችን የስም ዝርዝር ተቀብሎ ድምሩን ካየ በኋላ ጥያቄው የተመለሰለት ይመስለዋል። ይሁንና ዝርዝሩ የሚነግረው የነገሩን ግማሽ ብቻ ነው። በአንድ የገጠር ቀበሌ 1,200 ሰዎች ችግር ላይ ወድቀዋል ቢባል፣ የቀበሌው ነዋሪ 1,500 ሲሆንና 6,000 ሲሆን ትርጉሙ እጅግ የተለያየ ነው። በመጀመሪያው ቀበሌ ጎረቤት ለጎረቤት የሚያበድረው አንድ ቁና እህል አልተረፈም፤ ሕዝቡም ቤቱን ዘግቶ ለመሰደድ ተቃርቧል ማለት ነው። በሁለተኛው ግን የተቸገረው ከአምስቱ አንዱ ነው፤ የቀሩት አራቱ ለጊዜውም ቢሆን ሊደግፉት ይችላሉ። ስለዚህ የሚላከው የእህል መጠንም ሆነ የሚላክበት ፍጥነት ይለያያል። ይህን ልዩነት የሚያሳየው፣ ማለትም «ከስንቱ?» የሚለውን የሚመልሰው የሕዝብ ቆጠራ ነው።

የሕዝብ ቆጠራ ሲባል አንድ አገር በወሰኑ ውስጥ የሚኖረውን ሰው ሁሉ፣ ትልቅ ትንሽ፣ ዜጋ የውጭ አገር ሰው ሳይል፣ በአንድ በተወሰነ ጊዜ እያንዳንዱን ለየብቻው መዝግቦ ቁጥሩን፣ ዕድሜውን፣ ጾታውን፣ ሥራውን፣ ትምህርቱንና የመጣበትን ስፍራ የሚያውቅበት ሥራ ነው። ከናሙና ጥናት የሚለየውም ማንንም የማይዘል በመሆኑ ነው። በየጊዜው፣ በተለመደው አሠራር በየ10 ዓመቱ መደጋገም ይኖርበታል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ ቆጠራ አንድ ጊዜ እንደተነሣ ፎቶግራፍ ያህል ነውና፣ ሕዝቡ ወዴት እያመራ መሆኑን አያሳይም።

ሰውን መቁጠር አዲስ ነገር አይደለም። በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን ዓለም ሁሉ እንዲጻፍ ትእዛዝ እንደ ወጣ ያልሰማ የአገራችን ሰው የለም። የጥንቱ ቆጠራ ግን ዓላማው ግብር የሚከፍለውንና ጦር የሚይዘውን ለማወቅ ስለነበረ ሴትና ሕፃን ብዙ ጊዜ ከቁጥር አይገቡም ነበር። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1749 ጀምሮ ሕዝቧን በመደበኛነት መመዝገብ ጀመረች። አሜሪካ ከ1790፣ እንግሊዝ ደግሞ ከ1801 ወዲህ በየ10 ዓመቱ ሲቆጥሩ ኖረዋል። ሥራው በየአገሩ ያለ ጭቅጭቅ ተፈጽሟል ማለት አይደለም። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ1962 ያካሄደችውን ቆጠራ ሰርዛ በማግስቱ ዓመት ደግማለች፤ የ1973ቱም ውጤት ተቀባይነት ሳያገኝ ቀርቷል። በሊባኖስ የመጨረሻው ይፋ ቆጠራ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። የሥልጣንና የበጀት ክፍፍል በቁጥር ላይ ሲመሠረት ቁጥሩ ራሱ የክርክር መነሻ ይሆናል።

በኢትዮጵያ ለረዥም ዘመን የሕዝቡ ብዛት የሚነገረው በግምት ነበር። በ1954 ዓ.ም. መባቻ በአዲስ አበባ በተደረገ ቆጠራ 443,728 ነዋሪዎች ተመዝግበዋል፤ ከዚያም ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤት በገጠሩ የናሙና ጥናት ጀመረ። አገር አቀፍ የሕዝብና የቤት ቆጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው ግን ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛው ጥቅምት 1 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ ሦስተኛው ግንቦት 20 ቀን 1999 ዓ.ም. ተደረጉ። በሁለተኛውም በሦስተኛውም የአፋርና የሶማሌ ክልሎች የተቆጠሩት ዘግይተው ነበር።

የ1976ቱ ቆጠራና የድርቁ ዓመት

የመጀመሪያው ቆጠራ የተደረገበትን ጊዜ የእርዳታ ሠራተኛ ልብ ሊለው ይገባል። የዚያን ጊዜው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለለጋሽ አገሮች ባቀረበው ጥሪ 5.2 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በድርቅ መጎዳቱን አስታወቀ። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም እህል ቢታሰብ፣ ለ5.2 ሚሊዮን ሰው ለ12 ወር የሚያስፈልገው 936 ሺህ ቶን ይሆናል። ኮሚሽኑ ፍላጎቱ ወደ 900 ሺህ ቶን እንደሚደርስ ቢያውቅም፣ በወደቡና በመንገዱ አጓጉዞ ሊያከፋፍል የሚችለውን መዝኖ 450 ሺህ ቶን ብቻ ጠየቀ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አጥኚዎች በበኩላቸው 125 ሺህ ቶን ብለው ተመኑ። ለጋሾች የኢትዮጵያን አኃዝ ተጠራጠሩ፤ በዚህ መካከል ወራት አለፉ።

የአገሪቱ ጠቅላላ የሕዝብ ብዛት በሚገባ ባልታወቀበት ሁኔታ እንዲህ ያለው ጥርጣሬ ቢነሣ አያስደንቅም። ከኮሚሽኑ ጥሪ ሁለት ወር ሳይሞላ የተካሄደው ቆጠራ ውጤቱ ሲወጣ የኢትዮጵያ ሕዝብ 42.6 ሚሊዮን ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ቀድሞ በግምት ይያዝ ከነበረው በብዙ ሚሊዮን የበለጠ ነው። በገጠር ኤርትራና ትግራይ፣ እንዲሁም በሌሎች ጸጥታ በጎደለባቸው ስፍራዎች ቆጣሪዎች ሊገቡ ስላልቻሉ የዚያ ሕዝብ ቁጥር በግምት መሞላቱን መዘንጋት አይገባም። ድርቁ እጅግ ከበረታባቸው ቦታዎች አንዳንዶቹ እነዚሁ ነበሩ። ስለሆነም አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝቧን ባወቀችበት ዓመት፣ ከሁሉ ይልቅ ሊታወቅ ይገባው የነበረው ክፍል በከፊል ሳይቆጠር ቀረ።

የመነሻ ቁጥር አለመኖር የሚያስከትለው ጉዳት የሞቱትን በመቁጠር ላይም ይታያል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ በደረሰው ረኃብ ያለቀው ሕዝብ በአንዳንዱ ጽሑፍ ከ40 ሺህ ይጀምርና በሌላው 200 ሺህ ይደርሳል። በ1977ቱም ረኃብ የሚነገረው ከ400 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ነው። ከረኃቡ በፊት በየወረዳው ስንት ሰው እንደነበረ የተረጋገጠ መዝገብ ቢኖር ኖሮ ልዩነቱ ይህን ያህል ባልሰፋ ነበር።

ቆጠራው ከተደረገ ከስድስት ወር በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም. መግቢያ፣ መንግሥት የሠፈራውን ፕሮግራም ጀመረ። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ለማጓጓዝ ታቅዶ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተዛወረ። በዚያን ጊዜ በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር በነበረው መተከል፣ በበለስ ሸለቆ በፓዌ ከ80 ሺህ የማያንስ ሠፋሪ ገባ። በዚህም ምክንያት የላኪዎቹም ሆነ የተቀባዮቹ አውራጃዎች የቆጠራ ውጤት የሕትመት ቀለሙ ሳይደርቅ አረጀ። ሠፋሪው ሲጫን በስሙ ተመዝግቧል፤ ከወረደ በኋላ በወባና በሌላ በሽታ የሞተው፣ ጠፍቶ ወደ ትውልድ አገሩ የተመለሰው፣ ከቤተሰቡ ተለይቶ የቀረው ግን በዚያው ትጋት አልተመዘገበም። ሠፋሪው ብቻ አይደለም ከቁጥር የጎደለው። ሰው የለበትም ተብሎ ለሠፈራ ከተመረጠው መሬት ብዙው የጉሙዝ ሕዝብ ቦታ እየለዋወጠ የሚያርሰው፣ የሚያድንበትና ማር የሚቆርጥበት ነበር። አንድ ዓመት ታርሶ ለዓመታት እንዲያገግም የተተወን መሬት ከአውሮፕላን ወይም ከላንድሮቨር መስኮት የሚያይ ሰው ባዶ ነው ቢል አይፈረድበትም፤ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ የሚመዘግብ ቆጣሪ ግን እንዲህ ሊል አይችልም። ከዚያ ወዲህ በአካባቢው በመሬት የተነሣው ቅሬታ ብዙ ሰው የሚያውቀው ስለሆነ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም።

ጣና ዳር እንዴት ይቆጠራል?

የቆጠራ ሥራ የሚጀምረው ቆጣሪው በር ከማንኳኳቱ ሁለትና ሦስት ዓመት ቀድሞ በካርታ ነው። አገሪቱ በሙሉ በትናንሽ የቆጠራ ቦታዎች ትከፋፈላለች። አንዱ የቆጠራ ቦታ አንድ ሰው በጥቂት ቀናት ጨርሶ ሊዞረው የሚችል፣ ወሰኑ በወንዝ፣ በመንገድ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በትልቅ ዛፍ የተለየ መሆን አለበት። ለ1999ኙ ቆጠራ 84,915 የቆጠራ ቦታዎች ተከልለው ነበር፤ በአንዱ ውስጥ በአማካይ 181 ቤተሰብ ይገኛል። ካርታው ከተዛባ፣ ማለትም ሁለት ቆጣሪዎች አንዱን ጎጥ ከደረቡት ወይም ሁለቱም ያንተ ነው ተባብለው ከዘለሉት፣ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ትጉህ ቆጣሪ ቢመደብ ስሕተቱ አይታረምም።

ከባሕር ዳር ሆኖ ወደ ሰሜን ለሚመለከት ሰው ይህ ሥራ በቀላሉ የሚፈጸም እንዳልሆነ ግልጽ ነው። በሐይቁ ውስጥ 37 ያህል ደሴቶች አሉ። ከእነዚህ እንደ ደቅ ያሉት ገበሬ ከነቤተሰቡ የሚኖርባቸው ሲሆኑ፣ ሌሎቹ የመነኮሳት ብቻ ናቸው። ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳማት ሴት ስለማትገባ ለዚያ የሚመደበው ቆጣሪ ወንድ መሆን ይኖርበታል፤ ይህን አዲስ አበባ ተቀምጦ የሰው ኃይል የሚደለድል ሹም ካልተነገረው አያስበውም። ገዳማት፣ ማረሚያ ቤቶች፣ ሆስፒታሎች፣ የዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤቶች እንደ ቤተሰብ አይቆጠሩም፤ የራሳቸው መዝገብ አላቸው። በየደጀ ሰላሙ የሚያድር የቆሎ ተማሪ፣ በባሕር ዳር አውቶቡስ ጣቢያ ዙሪያ በረንዳ የሚተኛ የቀን ሠራተኛና የኔ ቢጤ ደግሞ በአንድ ሌሊት፣ ከመተኛታቸው በኋላ ከመነሣታቸው በፊት መቆጠር አለባቸው። ይህ ካልሆነ አንዱ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ ሌላው ጨርሶ ይቀራል።

የሐይቁ ውኃ ከፍና ዝቅ ማለትም የራሱ ጣጣ አለው። በበጋ ውኃው ሲሸሽ የሚገለጠውን የባሕር ሸሽ መሬት ገበሬው ተከትሎ ያርሰዋል፤ ጎጆ ቀልሶ ከብቱን ይዞ እዚያው የሚሰነብት አለ። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደታየው ጎርፉ ሲበረታ ብዙ ሺህ ሰው ቤቱን ጥሎ ወደ ደረቅ ቦታ ይወጣል። ቆጠራው በግንቦት የተደረገባቸው ሁለት ጊዜያት መንገድ ከመበላሸቱ፣ ወንዝም ከመሙላቱ በፊት የተመረጡ በመሆናቸው ለዚህ አካባቢ የሚያመች ነበር። ነገር ግን በግንቦት ሰውየው የተገኘው ባሕር ሸሹ ላይ ነውን ወይስ መኖሪያ ቤቱ ካለበት ጎጥ? ለዚህ ጥያቄ ሁለት ዓይነት አቆጣጠር አለ። አንደኛው ሰውን በቆጠራው ሌሊት ካደረበት መቁጠር ነው። ሁለተኛው ዘወትር በሚኖርበት፣ ማለትም ስድስት ወር በኖረበት ወይም ለመኖር ባሰበበት ስፍራ መቁጠር ነው። ለእርዳታ ሥራ የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው ቢባልም በድርቅ ወይም በጦርነት ጊዜ ሁለቱንም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ተፈናቃይ ማለት የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ነው።

በሐይቁ ዳር ደንገል እያጨዱ ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ተወላጆች የሚኖሩበት ቦታ ከውኃው ጋር የሚገፋ፣ ከከተማው መስፋፋት ጋርም የሚነሣ ነው። እንዲህ ያለ በቁጥር አነስተኛ የሆነ ወገን በናሙና ጥናት ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ማንንም የማይዘለው ቆጠራ የሚያስፈልግበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የዕድሜ ጥያቄም ቀላል አይደለም። የልደት ምስክር ወረቀት በሌለበት ገጠር ዕድሜ የሚታወቀው በዘመን ምልክት ነው። ስለዚህ ቆጣሪው የታሪክ ዘመናት ዝርዝር ይዞ ይዞራል፦ ጣልያን የገባበት 1928፣ ንጉሡ የወረዱበት 1967፣ ለባሕር ዳር አካባቢ ደግሞ የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ሥራ የጀመረበት 1953 ዓ.ም. የመሳሰሉት። ይህም ሆኖ ሰው ዕድሜውን በ5 እና በ0 ወደሚጨርስ ቁጥር ይጠጋጋዋል፤ በየቆጠራው መጽሐፍ 30 እና 40 ዓመት ያላቸው ሰዎች ከ29 እና ከ41ዎቹ በእጅጉ በዝተው የሚታዩት ለዚህ ነው። የ4 ዓመት ልጅ 5 ዓመት ተብሎ ቢጻፍ ግን ነገሩ የቁጥር ብቻ አይሆንም። ፋፋና ሌላ አልሚ ምግብ የሚታደለው ከ5 ዓመት በታች ላሉት ስለሆነ ለወረዳው የሚመደበው ያንሳል።

ሁለት እንግዶች፣ ሁለት መልሶች

በአንድ ጣና ዳር ባለ የገበሬ ቤት ደጃፍ በተለያየ ቀን ሁለት መዝገብ የያዙ ሰዎች ቆመዋል እንበል። የመጀመሪያው ቆጣሪ ነው። «አባባ፣ በዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?» ብሎ ሲጠይቅ «እኔና አሮጊቷ፣ አንዲት የልጅ ልጅም አለች» ይሉታል። ሁለተኛው የእርዳታ መዝጋቢ ነው። «ሰባት ነን ልጄ፤ ከነምራቴ ስምንት» የሚል መልስ ያገኛል። ሽማግሌው ዋሽተዋል ለማለት አይቻልም። ባሕር ዳር ለቀን ሥራ የሄደው ልጃቸው በየሳምንቱ እየተመለሰ ከዚያው ድስት ይበላል፤ ምራታቸው በደጃፉ ሌላ ጎጆ ብትኖርም ጎተራው አንድ ነው። ቤተሰብ የሚባለው ማን እንደሆነ በቤቱ ሕግ የተቆረጠ ነገር የለም፤ የሚወሰነውም በጠያቂው ዓይነት ነው። ቆጠራ ሕዝብን ወደ ማሳነስ፣ የእርዳታ ምዝገባ ወደ ማብዛት ያዘነብላል። ለዚህ ጸሐፊ እንደሚመስለው ይህን ተቃራኒ ዝንባሌ የማያውቅ ኃላፊ በሁለቱም መዝገቦች መታለሉ አይቀርም።

ሽማግሌው ቆጣሪውን የሚፈሩበት ምክንያት አላቸው። በጎጃም መሬት ለካ ወይም ከብት ቆጠረ የተባለ ሹም በመልካም አይታወስም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ የጎጃም ገበሬ ገማቾቹን አናስገባም ብሎ በብዙ ወረዳ አምጿል፤ ጦር ዘምቶበት ሕይወት ጠፍቷል፤ በመጨረሻም ውዝፉ ግብር እንዲማር ተደርጓል። የመጀመሪያው ቆጠራም የተካሄደው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነውን ወንድ የሚመለከተው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ በወጣ በዓመቱ ነበር። ጎረምሳ ልጅ ያለው አባት ስሙን ሲያስጽፍ ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም። በዚህ ላይ ልጅንና ከብትን ቆጥሮ መጥራት ለዐይን ይዳርጋል ብሎ የሚሠጋ ጥቂት አይደለም፤ ዳዊት ሕዝቡን ቢያስቆጥር መቅሠፍት መውረዱንም ከቄሱ ሰምቷል።

በየአገሩ ያለው የቆጠራ ሕግ የአንድን ሰው መልስ ለግብር፣ ለውትድርና፣ ለክስ መጠቀምን የሚከለክለው ይህን ፍርሃት ለማስወገድ ነው። የሚታተመው ድምሩ ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ለእህል ማከፋፈያ ሲል የቆጠራ ስም ዝርዝር ልስጥ ቢባል እንኳ አለመቀበሉ የተሻለ ነው። አንድ ጊዜ መዝገቡ ለስንዴ ከዋለ፣ በሚቀጥለው ቆጠራ የገጠሩ ቤተሰብ ሁሉ ባለ ስምንት ነፍስ ይሆናል።

2.4 ሚሊዮን ሕዝብ

ቁጥር ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከ1999ኙ ቆጠራ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። በዚያ ቆጠራ የአገሪቱ ሕዝብ 73.7 ሚሊዮን ያህል ሲሆን የአማራ ክልል 17.2 ሚሊዮን ሆኖ ተመዘገበ። ከ1987ቱ ቆጠራ በመነሣት የተሠራው ትንበያ ግን ክልሉ 19.6 ሚሊዮን እንደሚደርስ አመልክቶ ነበር። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል አገሪቱ በዓመት 2.6 በመቶ ስታድግ ክልሉ 1.7 በመቶ ብቻ አደገ ማለት ነው። የ2.4 ሚሊዮኑ ልዩነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥያቄ አስነሣ፤ በክልሉም እስከ ዛሬ የሚያነጋግር ነገር ሆኖ ቀረ። የወሊድ መቀነስ፣ ከክልሉ መውጣት፣ የሞት መብዛት በየተራ ምክንያት ተብለው ተጠቅሰዋል፤ ቆጠራው ራሱ ሰው ዘልሏል ያሉም አሉ። በኋላም በ2004 ዓ.ም. በቆጠራዎች መካከል የሚደረግ የሕዝብ ጥናት ተካሂዷል። እዚህ ክርክሩን መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም።

ለእርዳታ ሥራ ያለውን ትርጉም ግን በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። በክፉ ዓመት ከዐሥር ሰው አንዱ እርዳታ ይሻል ተብሎ ቢታቀድ፣ 2.4 ሚሊዮን ሰው በዕቅዱ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ 240 ሺህ ተረጂ ይገባል ወይም ይወጣል። ለአንዱ 15 ኪሎ ግራም በወር ሲታሰብ 36 ሺህ ኩንታል እህል ነው። የፌዴራሉ የበጀት ድጎማ፣ የመድኃኒት ድልድል፣ የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ዕቅድም የሚነሣው ከዚሁ ቁጥር ነው።

ወሰንም እንዲሁ ያሳስታል። በሦስቱ ቆጠራዎች የባሕር ዳር ነዋሪ 54,800፣ 96,140 እና 155,428 ተብሎ ተመዝግቧል። በሌላ ሠንጠረዥ ግን በዚያው በ1999 ዓ.ም. 221,991 የሚል ይገኛል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የመጀመሪያው ከተማዋን ብቻ፣ ሁለተኛው በዙሪያዋ ያሉትን የገጠር ቀበሌዎችና ትናንሽ ከተሞች ጨምሮ ልዩ ዞኑን የሚመለከት ነው። ለተፈናቃይ መጠለያ ውኃ የሚያሰላ መሐንዲስ የትኛውን ወሰን እንደያዘ ሳይጠይቅ አንዱን ቁጥር መርጦ ቢሄድ ሥራው ገና ሳይጀመር ይበላሻል።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 መሠረት ቆጠራ በየ10 ዓመቱ መካሄድ አለበት። አራተኛው በ2010 ዓ.ም. እንዲደረግ ታስቦ ከአንድ ጊዜ በላይ ተላለፈ። በሰኔ 2011 ዓ.ም. የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በጸጥታ ምክንያት በድጋሚ አራዘመው፤ ቀጥሎ የኮሮና ወረርሽኝና ጦርነቱ መጡ። ይህ እስከተጻፈበት ጊዜ ድረስም አልተካሄደም። በመሆኑም 18 ዓመት ያልሞላው ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በየትኛውም የሕዝብ ቆጠራ ተቆጥሮ አያውቅም። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የሚሠሩበት የሕዝብ ብዛት ከ1999ኙ ውጤት ላይ በየዓመቱ ዕድገት እየተደመረ የተገኘ ትንበያ ነው። ትንበያ ሲረዝም ስሕተቱ አብሮ ያድጋል። 17.2 ሚሊዮን ሕዝብ በ1.7 በመቶ ቢያድግ በ18 ዓመት ወደ 23.3 ሚሊዮን፣ በ2.5 በመቶ ቢያድግ ደግሞ ወደ 26.8 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ልዩነቱ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ነው። ይህም ሰው ሁሉ በቦታው ይኖራል በሚል ነው። በጦርነት የተፈናቀለው፣ ከድርቅ ሸሽቶ ወደ ባሕር ዳር የገባው፣ ከመተከል የተመለሰው በትንበያው አይታይም።

እስከዚያው በወረዳ ደረጃ ሊሠራ የሚቻል ጥቂት ነገር አለ። አንደኛ፣ የተረጂ ዝርዝር ሲዘጋጅ ከአጠገቡ የቀበሌው ጠቅላላ ቤተሰብ ብዛት፣ በማን እንደተቆጠረና በየትኛው ዓመት እንደተገኘ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በመጠለያም ሆነ በሠፈራ ጣቢያ የሚመዘገብ ሰው ከየት ቀበሌ እንደመጣና መቼ እንደመጣ ይጠየቅ፤ የሞተውና የወጣውም ከገባው እኩል በየወሩ ይመዝገብ። በፓዌ የታየው ጉድለት ዋናው ይህ ነበር። ሦስተኛ፣ ካርታው አለ። ለአራተኛው ቆጠራ አገሪቱ በ149,093 የቆጠራ ቦታዎች ተከፋፍላ፣ በእያንዳንዱ በአማካይ 131 ቤተሰብ እንዲኖር ተደርጎ ሥራው ተጠናቅቋል፤ በ2011 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ናሙናውን የወሰደው ከዚሁ ነው። የወረዳ ባለሥልጣን የአካባቢውን ክፍፍል ከኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ቢያገኝ፣ ከቦታዎቹ አምስቱን ወይም ስድስቱን በዕጣ መርጦ ቤቶቹን በማስቆጠር ብቻ ትንበያው ምን ያህል እንደራቀ በአንድ ሳምንት ሊያውቅ ይችላል። በጣና ዳር ወረዳዎች ይህ ቢደረግ የሚመረጠው ወር ግንቦት ሊሆን ይገባል፤ ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ባሕር ሸሹ በውኃ ይሸፈናል፣ የፎገራም መንገድ ይዘጋል።